ሰማያዊው መንገድ ላይ ነን

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሞቱት ሰው ዘመዴ አይደሉም። ጎረቤቴም አልነበሩም። ደንበኛዬ ነበሩ፤ በቅርብ ያወቅኋቸውም ለአራት ቀን ብቻ ነው። አራት ቀን ሰውን ለማወቅ አይበቃም ትሉ ይሆናል። እኔን ለማወቅ ግን በቅቶኛል።

ትዕግስት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦሌ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት እቆርጥ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ወደ ዱባይ፣ ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዑምራ ስሸኝ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ከአገር የወጣሁት አንድ ጊዜ ለአጭር ሥልጠና ነው። በዚያ ጉዞ አንድ የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዓት ትራንዚት ስጠብቅ፣ ውጭ በረዶ ሲወርድ በመስታወት አይቻለሁ። ከበረዶ ጋር የነበረን ትውውቅ ይኸው ነው።

አንድ ቀን አለቃችን አቶ ፍስሐ አዲስ ጉዞ ይዘው መጡ። ቱርክ ውስጥ፣ ትልቅ ተራራ ላይ ያለ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት። የቦታውን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የተራራው አይደለም። ማስታወቂያውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። «ከጀማሪ እስከ ባለሙያ፣ ለሁሉም የሚሆን ተራራ» ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴ ምልክት ያለው መንገድ ለጀማሪ፣ ሰማያዊው ትንሽ ለቻለ፣ ቀዩ ለለመደ፣ ጥቁሩ በልቡ ለሚተማመን። ስጽፈው ራሴ የሄድኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

«ከእናንተ ውስጥ በረዶ ላይ ተንሸራቶ የሚያውቅ አለ?» አሉ አቶ ፍስሐ። «ከደንበኞቹ ጋር አስተባባሪ ሆኖ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ።»

እጄን አወጣሁ። «እኔ አውቃለሁ። ለሥልጠና የሄድን ጊዜ ወስደውን ነበር።»

ውሸቱ ከአፌ የወጣበት ቅለት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አሰልጣኝ እዚያው አለ፣ የእኔ ሥራ ሰው ከሆቴል ሆቴል ማድረስ ነው፣ ማን ይጎዳል? ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ብዙ ሰው ጠይቆ ነበር፤ በመጨረሻ የተመዘገቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አባትና ልጅ። አባትየው ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። ለሚ ኩራ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር አላቸው፤ ቤታቸው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ስልጤ ናቸው፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ተሸክመው፣ ሸጠው፣ ለዚህ የደረሱ። ልጃቸው ነጃት ያን ዓመት ነበር ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው፤ ጉዞው ለእሷ ስጦታ ነው። ግን ከእሷ ይልቅ የጓጉት እሳቸው ነበሩ።

«ሴራሚክና ቧንቧ ልገዛ ስንት ጊዜ ቱርክ ተመላልሻለሁ» አሉኝ አውሮፕላን ውስጥ። «ሁልጊዜ ከአውቶቡስ መስኮት ያንን ነጭ ተራራ አያለሁ። ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል እያልኩ አረጀሁ። አሁን አይቼ ልገላገል።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። በእግራችን ላይ እነዚያን ሁለት ረጃጅም ሸርተቴዎች አስረን፣ አረንጓዴው ሜዳ ላይ ከአራት ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር ስንወድቅ ስንነሳ ዋልን። ነጃት ቶሎ ለመደች። ጋሽ ሸምሱ በወደቁ ቁጥር በጀርባቸው ተኝተው ይስቃሉ።

«ሲሚንቶ ተሸክሜ በጭቃ ስሄድ እንኳን እንዲህ አልወደቅኩም!»

እኔም እወድቅ ነበር። «ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ረስቼዋለሁ» አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። «ይመለስልሻል» አሉ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ግን ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሰልጣኙ ሥራውን ሲጨርስ ለብቻዬ ጠራኝ። «ከሰዓት በኋላ ጉም ሊወርድ ይችላል። ወደ ላይ ከወጣችሁም እዩና በዚያው በገመድ በሚሄደው ኬብል ካር ተመለሱ፤ ተንሸራታችሁ አትውረዱ» አለኝ። እሺ አልኩ። ለሁለቱ አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው አስቤ ምሳ መጣ፤ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ተውኩት።

ነጃት ጉልበቷ ዝሎ ካፌ ውስጥ ቀረች። ጋሽ ሸምሱ ስልካቸውን አወጡና ሰጧት። «ስወድቅ ይሰበርብኛል፤ አንቺ ያዥልኝ» አሉ። «አንድ ጊዜ ጫፉን አይተን መጣን።»

«አባዬ፣ አትቆዩ» አለች። አባቷን ያነጋገረችበት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ከላይ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ዓለም ሁሉ ነጭ ነው። ጋሽ ሸምሱ ዙሪያውን ተመለከቱና «ሱብሃነላህ» አሉ። አጠገባችን ሰዎች በሰማያዊው ምልክት በኩል እየተንሸራተቱ ይወርዱ ነበር። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ሳይቀሩ ሲወርዱ አየን።

«ይኼኛው ቀላሉ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሰማያዊው ቀላል ነው።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

እስቲ አስቡት። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። «አላውቀውም፤ አሰልጣኙም አትውረዱ ብሏል» ማለት ብቻ ነበር። በኬብል ካሩ ተመልሰን ሻይ እንጠጣ ነበር።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያው ክፍል መልካም ነበር። በየተወሰነ ርቀት ሰማያዊ ሰሌዳ ያለበት ምሰሶ አለ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያልን፣ እየወደቅን እየተነሳን ወረድን። ከዚያ ጉሙ መጣ። እንደ እንጦጦ ጉም ቀስ ብሎ የሚሸሽ አልነበረም። ፊታችን ያለው ምሰሶ ጠፋ፤ ቀጥሎ ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው አምስት እርምጃ ላይ ሆነው ጥላ ብቻ ሆኑ።

«ቆም ብንል አይሻልም?» አሉ።

«ትንሽ ነው የቀረን» አልኩ። የቀረን ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ትንሽ እንደሄድን ጉልበት ላይ የሚደርስ የተወጠረ ገመድ አገኘን። ገመዱ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ጽሑፉ በቱርክኛ ነበር፤ ከጽሑፉ በላይ ግን የተዘረጋ መዳፍ ተሥሏል። ቁም ማለት ነው። ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። ከገመዱ ማዶ ግን ሰው የተንሸራተተበት አዲስ ዱካ ይታያል። ምልክቶቹ ጠፍተውብኝ ስለነበር ዱካው መንገድ መሰለኝ።

«ገመድ እኮ ነው፣ ትዕግስት» አሉ።

«ለሕፃናት ብለው ነው። በዚህ በኩል ወደ ሆቴሉ ያቋርጣል።»

ገመዱን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ጎንበስ ብለው አለፉ።

መቶ ሜትር እንኳን የሄድን አይመስለኝም። መሬቱ ከሥራችን በድንገት ዘቀዘቀ። ጋሽ ሸምሱ ከፊቴ ነበሩ፤ ጮኹ፣ ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። እኔ በቂጤ ተቀምጬ፣ በእጄ እየቧጠጥኩ ወረድኩ። ጠባብ ገደል ውስጥ፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር አገኘኋቸው። የቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች መሆን በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። ጎናቸውንም ይዘው ያቃስቱ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ባትሪው አሥራ ሁለት በመቶ ይላል። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት የመጀመሪያ ቀን ሆቴሉ ሰጥቶኝ ሻንጣዬ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ነጃት ጋ ደወልኩ።

«ነጃት፣ አባትሽ ወድቀዋል። እግራቸው ተሰብሯል። ሰው ጥሪ፣ ቶሎ!»

«ምን? የት? የት ናችሁ?»

ቀና ስል ጋሽ ሸምሱ እያዩኝ ነው። ገመዱን አልፈናል፣ ተከልክለን ነው የገባነው፣ እኔ ነኝ ያስገባኋቸው። ይህ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። አልወጣም።

«ሰማያዊው መንገድ ላይ ነን» አልኳት።

«ሰማያዊው? ከላይ የሚመጣው?»

«አዎ፣ ሰማያዊው...»

ስልኩ ጠፋ። ብርዱ ባትሪውን ገደለው። ደረቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኩት፣ ተነፈስኩበት፣ ለመንኩት። አልተነሳም።

ባትሪው ባይሞት ኖሮ አርሜ እነግራት ነበር ወይ? ይህንን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ አላውቅም። «አዎ» ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ጃኬቴን አውልቄ ደረብኩላቸው። ሁለታችንም እስኪደክመን ጮኽን። ጉሙ ድምፃችንን ዋጠው። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ከሩቅ፣ በስተቀኝ ከላይ፣ የሞተር ድምፅ ሰማን፤ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል። እየፈለጉን ነው። ግን ሌላ ቦታ።

ጋሽ ሸምሱ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ድምፃቸው ግን ያው ነበር።

«ትዕግስት። እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በረዶስ ላይ?»

«በመስኮት ነው ያየሁት» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

«አታልቅሺ፤ ጉልበት ይጨርሳል» አሉ። ቀጠሉና፦ «በስልኩ ለምን ሰማያዊው ላይ ነን አልሻት?»

ፊቴን አዞርኩ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። የቁጣ ቃል ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። ልክ ዕቃ እንደሚያስጭን ሰው ረጋ ብለው አዘዙኝ። «እንግዲህ ልጂቱ የሰማችውን ነው የምትነግራቸው። አንቺ ተነሺ። በመጣንበት ዱካ ወደ ላይ ውጪ፣ ገመዱን አግኚ፣ እዚያ ቆመሽ ጩኺ። ሲመጡልሽ ያለሁበትን በትክክል ንገሪያቸው። በትክክል።»

«ብቻዎን ትቼዎት?»

«ብቻዬን አይደለሁም» አሉና ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

ያንን መቶ ሜትር ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። እንደ ብረት የከበደ ጫማ አድርጌ፣ እስከ ጭኔ በረዶው ውስጥ እየሰመጥኩ፣ ሁለት እርምጃ ወጥቼ አንድ እየተንሸራተትኩ። ገመዱ ጋ ስደርስ መሽቶ ነበር። ጮኽኩ። በስተቀኝ መብራቶች ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አንዱ ቆመ፣ ዞረ። የመጣው ሰው ጎልማሳ ነበር፤ በእጄ ወደ ታች አሳየሁት። ገመዱን አየ፣ እኔን አየኝ። በእንግሊዝኛ «ሰማያዊው ላይ ነው ያሉን» አለ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማያዊውን ነው የፈለግነው።»

ሲያወጧቸው እስትንፋሳቸው ነበረች። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ፣ ከንፈራቸው ሳይሰማ ይንቀሳቀስ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ፣ አለፉ።

ነጃት ኮሪደሩ ላይ የአባቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ፣ ብርዱና ውስጥ ውስጡን የፈሰሰው ደም ተደራርቦ እንደገደላቸው አስረዳት። «ቀደም ብለው ቢደርሱልን ኖሮ ዕድል ነበር» አላት። ይህንን ባይላት ምን ነበረበት! ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ አየሁ። ያኔ አልገባኝም።

አስከሬኑ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው። በእነሱ እምነት ሬሳ አይቆይም፤ ያ መዘግየት ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሞት ነበር። ከዕቃ መጋዘኑ በር ላይ ተቀብለው በዚያው ወስደው ቀበሯቸው።

ከሪዞርቱ ሪፖርት የደረሳቸው አቶ ፍስሐ ቢሮ ጠርተውኝ በሩን ዘጉ። «ስለ ገመዱ ማንም ከጠየቀሽ ራሳቸው አልፈው ነው በይ። ሌላውን እርሺው» አሉኝ።

ለቅሶው ቡልቡላ፣ ቤታቸው በር ላይ በተተከለ ድንኳን ነበር። ስገባ የጋሽ ሸምሱ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ከምንጣፉ ላይ ተነሱ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ይቺ ናት፤ የራሷን ጃኬት አውልቃ ያለበሰችው። በዚያ ብርድ!» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ መረቁኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ነጃት ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እህል አልቀመሰችም፣ አላለቀሰችም አሉኝ። የጋሽ ሸምሱ ወንድም አቶ ከድር ከአጠገቤ ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ቦታውን አሳስታ ነገረቻቸው። ምን ይደረግ፣ ቀኑ ነው» አሉ። ዝቅ ያለው ድምፅ ግን ለነጃት ይሰማል። ቀና አለች።

«ትዕግስት» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ስትደውዪልኝ ሰማያዊው ያልሽኝ መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ነው የሰማሁት?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«መስመሩ... ጥሩ አልነበረም» አልኩ።

አንገቷን ደፋች። ልክ ቀድሞም የምታውቀውን እንዳረጋገጥኩላት።

ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። እውነቱን ልናገር፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለራሴ ብቻ ነበር የማለቅሰው። እኔ ጥፋተኛ ነኝ፣ እኔ እንዴት እኖራለሁ፣ እኔ፣ እኔ። ዝም ስል ግን ጥፋቱ መሬት ላይ ወድቆ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ለካ አንስቶ የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል። አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አንስታ ተሸክማዋለች፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አመቻቸሁላት።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘይነባን፣ አቶ ከድርንና ነጃትን ለብቻ ላናግራችሁ አልኩ። ሳሎን ውስጥ ገባን። ቁጭ በይ ቢሉኝ አልቀመጥም አልኩ፤ ከተቀመጥኩ የማላወራ መሰለኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ቢሮ ውስጥ እጄን ማውጣቴን፣ የአሰልጣኙን ማስጠንቀቂያ፣ ገመዱን፣ ስልኩን። «ነጃት ትክክል ነው የሰማችው። ሰማያዊው ላይ ነን ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

አቶ ከድር ዘለው ተነሱ። ፖሊስ እጠራለሁ ብለው ጮኹ፤ ይጥሩ አልኳቸው። ወይዘሮ ዘይነባ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ሰማያዊው ላይ ስንት ሰዓት ፈለጉት?» አሉኝ።

«ሁለት ሰዓት።»

«ሁለት ሰዓት» አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ትናንት እኮ ሳምኩሽ» አሉ። ይህንን ብቻ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «አውጧት» አሉ።

በራሴ ወጣሁ። የግቢው በር ጋ ስደርስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ነጃት ናት፤ ጫማ አላደረገችም።

«ድገሚው» አለችኝ። «ምን ነበር ያልሽኝ በስልኩ?»

«ሰማያዊው መንገድ ላይ ነን።»

«ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ነበር አይደል?»

«ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል።»

እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ አለችና እሪ ብላ አለቀሰች። አባቷ ከሞቱ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። ሴቶች ከድንኳኑ ሮጠው መጡ፤ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፣ ገፋችኝ። «ሂጂልኝ» አለች። «ስንት ቀን ጆሮዬን ስረግመው ነበር!»

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። አገሩ ውጭ ነው፣ ሰነዱ እዚያ ነው እየተባለ ጉዳዩ ተንከባሎ ቆመ። ሥራዬን በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ። አሁን ላምበረት አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ።

ይህንን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት «ታዲያ ተናግረሽ ቀለለሽ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልቀለለኝም። መናገር እንደ መድኃኒት ነው የሚሉ ሰዎች ለማን እንደሆነ አይነግሩም። ጋሽ ሸምሱን አልመለሰም፣ የወይዘሮ ዘይነባን ቤት አልሞላም፣ ለእኔም እንቅልፍ አልሰጠኝም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አላውቅም» ማለት ያሳፈራችሁ ቀን፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው በእናንተ ቃል ላይ እግሩን ሊያሳርፍ መሆኑን አስቡ። ዋሽታችሁም ከሆነ ደግሞ፣ ዝም ስትሉ ውሸቱን ማን እየተሸከመላችሁ እንደሆነ ዞር ብላችሁ ፈልጉ። አንድ ሰው አይጠፋም።

ባለፈው ወር፣ ጠዋት ላይ፣ ከመገናኛ ወደ ላምበረት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል አጠገቤ ያለችው ነጃት ናት። ለመነሳት አሰብኩ፤ ሌላ ባዶ መቀመጫ አልነበረም፣ መኪናውም ተነስቷል። ሁለታችንም ፊት ለፊት እያየን፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን፣ ምንም ሳንነጋገር ተጓዝን። ጠቁራለች፤ ግን ጠንክራለች። የአባቷን መደብር እሷ ናት የምታስተዳድረው ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ወራጅ አለ» አለች ለረዳቱ። እንድታልፍ ጉልበቴን ሰበሰብኩላት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«እናቴ አሁንም ስምሽን አትጠራም። እኔም ይቅር አላልኩሽም» አለች። «ግን እተኛለሁ።»

ወረደች። ረዳቱ በሩን ዘጋው።